ሃያ አራተኛው መንጠቆ

በጋራዡ ሰፈር የመካኒኩን እውነተኛ ስም የሚያውቅ ሰው አልነበረም። «ይገኛል» ነው የሚሉት። ደንበኛ መጥቶ «የመኪናዬ ቁልፍ የታለ?» ካለው መልሱ «ይገኛል» ነው። ጎረቤት «ያዋስኩህ ክሪክ የት ደረሰ?» ካለው «ይገኛል» ነው። እውነቱን ለመናገር ይገኝም ነበር፤ ከሁለት ሰዓት ፍለጋ በኋላ፣ ከአሮጌ ባትሪ ሥር ወይም ከራሱ ቱታ ኪስ። ሞተር በጆሮው አዳምጦ በሽታውን የሚናገር ባለሙያ ነው፤ ነገር ግን ብሎን የፈታበትን ፒንሳ መሬት አስቀምጦ ዘወር ካለ፣ ያ ፒንሳ ለዘር አይገኝም።

እንዲህ ያለውን ሰው ዕድል ሲቀልድበት፣ ታላቅ እህቱን ማን አገባት? በዕቃ አቀማመጥ አቻ የማይገኝለት ሰው።

የእህቱ ባል ሾፌር ነው። አንዲት ነጭ ሚኒባስ አለችው። ከሰኞ እስከ ዓርብ አሥራ ሁለት የመዋለ ሕፃናት ልጆች ታመላልሳለች፣ ቅዳሜ የቤቱን አስቤዛ ትሸከማለች፣ እሑድ ደግሞ ዓሣ ለማጥመድ ሐይቅ ትወርዳለች። ልጆቹ «ጋሼ ቦታው» ይሉታል፤ ጠዋት ጠዋት ሲገቡ «ቦርሳ ቦታው፣ ውሃ ቦታው፣ እጅ ቦታው» ስለሚላቸው።

መካኒኩ ይህችን መኪና ለዓመታት ሲያገላብጣት ኖሯል። የፍሬን ሸራዋን ቀይሯል፣ ፍሪሲዮኗን አውርዶ ሰቅሏል። አማቹ አጥማጅ መሆኑንም ያውቃል፤ ዓሣውን ሲበላ ኖሯላ። የማያውቀው ዕቃው የት እንደሚያድር ነበር። አንድ ቀን በአማቹ ደጅ ዘይት ቀይሮ መኪናዋ ውስጥ እንደተቀመጠ፣ «ለመሆኑ ጋሼ፣ ዘንጎችህን ቤት ነው የምታስቀምጣቸው?» ቢለው፣ ሾፌሩ «ከራስህ በላይ ናቸው» አለው።

ቀና ብሎ አየ። በጣሪያው ውስጠኛ ጠርዝ፣ በግራና በቀኝ፣ የፕላስቲክ ውሃ ቧንቧ ልክ እንደ ጣሪያው ነጭ ተቀብቶ ተጋድሟል። እሱ እስከዚያ ቀን ድረስ የአየር መተላለፊያ ይመስለው ነበር፤ መካኒክ ሆኖ። ሾፌሩ የቧንቧውን ክዳን በሁለት ጣቱ አዞረና ዘንግ ሳበ። ሌላ ሳበ። አራት ሆኑ። እንዳይንኳኩ እያንዳንዱ ዘንግ ጫፉ ላይ የሕፃን ካልሲ አጥልቋል። አሥራ ሁለት ልጆች በየቀኑ ከሥራቸው ቁጭ ብለው እየዘፈኑ ይሄዳሉ፤ ከላይ ምን እንደተኛ አንዱም አያውቅም።

ሌላውም እንዲሁ ነበር። የክር ማጠንጠኛዎቹ ከመጨረሻው ወንበር ጀርባ፣ እህቱ ከአሮጌ ድንኳን ሸራ በሰፋቻቸው ኪሶች ውስጥ ይኖራሉ፤ ኪሱ በማጠንጠኛው ልክ ስለተሰፋ ሌላ ነገር ልክተት ቢሉት እምቢ ይላል። የእርሳስ ክብደቶቹ በክኒን ብልቃጥ በየመጠናቸው ተለይተው ስኮርታ ጎማው ጉድጓድ ውስጥ ተቀምጠዋል፤ ሾፌሩ እንደሚለው መኪና ከባድ ነገርን ከታች ስታገኝ ነው ደስ የሚላት። ተንሳፋፊ ቡሾቹ የእንቁላል ካርቶን ውስጥ። መረቡ ታጥቦ፣ ደርቆ፣ እንደ ሸሚዝ ታጥፎ ከወንበር ሥር። ቦት ጫማው ባልዲ ውስጥ፣ ባልዲው ክዳን አለው፣ ክዳኑ በላስቲክ ታስሯል። እርጥብ ከደረቅ አይገናኝም። ትል የሚባል ነገር እዚያ መኪና ውስጥ አድሮ አያውቅም።

መካኒኩ በልቡ እጅግ ተደነቀ፤ በአፉ ግን «ጋሼ፣ ሚስት ነው ያገባኸው መጋዘን?» አለ። እህቱ ከበሩ ላይ ሆና፣ «እኔንም ኪስ ሰፍቶ ቢከተኝ ደስታው ነው» አለች። ኪሶቹን የሰፋችው ራሷ ስለሆነች ቀልዷ ውስጥ ኩራቷ ይሰማ ነበር።

የመዋለ ሕፃናቱ ርዕሰ መምህርትም በመጀመሪያው ዓመት እንደዚሁ ተሸውዳ ነበር። «አጥማጅ ነህ ይሉሃል» ብላ መኪናዋን ልትፈትሽ መጣች። አሸተተች። ከወንበሮቹ ሥር በስልኳ መብራት አየች። በመጨረሻ ከዘንጎቹ ሥር ቁጭ ብላ «ምንም የለም» አለችና ልትፈርም እስክሪብቶ አወጣች። ሾፌሩ ግን በድብብቆሽ ፊርማ መቀበል አልሆነለትም፤ አንድ በአንድ እየከፈተ አሳያት። ሴትዮዋ ኪሶቹን በጣቷ ነካ ነካ አደረገችና «የኔንም ቢሮ እንዲህ ብታደርግልኝ ምን ነበረበት» አለች። ፈረመች። ሆኖም አንድ ነገር አስጠነቀቀችው፤ አንድ ልጅ በአንድ መንጠቆ ቢቧጨር፣ ያን ቀን ነገራቸው ያበቃል።

መንጠቆዎቹ ታዲያ የብቻቸው ሥርዓት ነበራቸው። ቁልፍ ያለው የብስኩት ቆርቆሮ ከሾፌሩ ወንበር ሥር አለ። በውስጡ የቡሽ ሰሌዳ፣ በሰሌዳው ላይ በእርሳስ የተከበቡ ሃያ አራት ነጥቦች፣ ስድስት ስድስት ሆነው በአራት ረድፍ። በእያንዳንዱ ነጥብ አንድ መንጠቆ ይሰካል። ሾፌሩ ሁለት ጊዜ ይቆጥራቸዋል፤ እሑድ ከሐይቁ ሞተር ከማስነሳቱ በፊት፣ ሰኞ ደግሞ የመጀመሪያው ልጅ ሳይሳፈር።

ይህ ልማድ ከየት መጣ ያለ እንደሆነ፣ ሰውየው ወደ ሹፍርና ሳይገባ አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ በሆስፒታል የቀዶ ሕክምና ክፍል ዕቃ አቅራቢ ነበር። እዚያ ቤት ሐኪሙ የከፈተውን ሆድ ከመስፋቱ በፊት መቀሱም፣ መርፌውም፣ ፋሻውም ይቆጠራል። አንድ ከጎደለ ማንም ንቅንቅ አይልም። መጀመሪያ ጠረጴዛው ይታያል፣ ቀጥሎ ወለሉ። ከሁለቱም ላይ ከታጣ በሽተኛው ውስጥ ነው ማለት ነው።

ባለፈው እሑድ መካኒኩ ለመጀመሪያ ጊዜ አብሮት ሐይቅ ወረደ። እስከ ረፋድ ድረስ ያጠመደው የራሱን ሸሚዝ ብቻ ነበር። ረፋዱ ላይ ግን ዘንጉ ጎበጠ፣ እሱም ጎበጠ፣ ሲሳሳቡ ቆይተው ክንድ የሚያህል ዓሣ ከሣሩ ላይ ወደቀ። ዓሣው መንጠቆውን እስከ ጉሮሮው ውጦታል። መካኒኩ በጣቱ ሊያወጣው ሞከረ፤ አልወጣ አለ። አማቹ ራቅ ብሎ ከድንጋዮቹ ማዶ ነበር። ውሃው ላይ ደግሞ ሌላ ዓሣ ተንቦጫረቀ። ለዚህ ጊዜ የለኝም፣ ቤት ስደርስ አወጣዋለሁ አለና ክሩን በቢላዋ ቆርጦ ዓሣውን ባልዲ ውስጥ ጣለው፤ ከቡሽ ሰሌዳው ላይ ሌላ መንጠቆ ነቅሎ አሰረ። ከዚያ ሦስት ተጨማሪ ዓሣ ያዘ። በመጨረሻው ላይ እንኳን የተቆረጠ ክር፣ የቤቱን መንገድም የሚያስታውስ አይመስልም ነበር፤ ፊቱ በፀሐይና በደስታ ቀልቷል።

ወደ ማታ ሾፌሩ መረቡን እያጠበ፣ እጁ እስከ ክንዱ እንደራሰ፣ «እስቲ ዛሬ አንተ ቁጠርልኝ» አለው። እንዲያ ብሎ ለማንም አደራ ሰጥቶ አያውቅም፤ ለሚስቱም እንኳ። መካኒኩ ቆርቆሮውን ጭኑ ላይ እንዳስቀመጠ፣ ክዳኑን ሳይከፍት፣ ዓይኑን ከባልዲው ውስጥ ዓሣ ሳያነሳ «ሙሉ ነው» አለ። አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም የሚባለው ይሄ ነው። ሾፌሩ «ጎበዝ» ብሎ ሞተሩን አስነሳ።

መካኒኩ ትልቁን ዓሣ ለእናቱ ወሰደላት። እናቱ ከዋናው መንገድ ማዶ ብቻዋን ትኖራለች፤ ዓይኗን ሞራ ጋርዶታል፣ ምላሷ ግን እንደ ድሮው ነው። ዓሣውን በእጇ ዳብሳ፣ ከራሱ እስከ ጭራው በስንዝር ለክታ፣ «የልጄ እጅ ያጠመደው» አለች። «ሆዱን አጸዳድቼ ነገ ጠዋት ሾርባ አደርገዋለሁ። ከሥራ በፊት ብቅ በል።»

«ብቅ እላለሁ» አላት። ብቅ እላለሁ ብሎ የቀረባቸው ቀናት ብዙ ናቸው፤ እሷ ግን ሁልጊዜ እንደሚመጣ አድርጋ ነው የምታበስለው።

ሰኞ አሥራ ሁለት ሰዓት ሳይሞላ ስልኩ ጮኸ። ሾፌሩ ነበር። ያለው አንድ ቃል ነው፤ «ና።»

መካኒኩ እየተንጠራራ ሲደርስ ሚኒባሷ ከበሩ ፊት ቆማለች፤ ሆዷ ባዶ ነው። ዕቃዋ በሙሉ መሬት ላይ በተዘረጋ ሸራ ላይ በተርታ ተደርድሯል፤ ያ ሰው ሲበትን እንኳ በመስመር ነው። እህቱ እጇን አጣጥፋ ከበሩ ተደግፋለች። ሾፌሩ ተንበርክኮ የወለሉን ምንጣፍ በጣቱ ጫፍ ይዳስሳል።

«ሃያ ሦስት» አለ፤ ቀና ሳይል።

«አንድ መንጠቆ ነው ጋሼ፤ ይገኛል።»

ማንም አልሳቀም። እህቱ ነገሩን አስረዳችው። ባሏ ርዕሰ መምህርቷ ዘንድ ደውሎ፣ «አንድ መንጠቆ ጎድሎኛል፤ እስካገኘው ልጅ አልጭንም» ብሏታል። ሴትዮዋ «ለዛሬ ሌላ መኪና እፈልጋለሁ። ካላገኘኸው ግን ነገም እንዳትመጣ» ብላዋለች። እንጀራው በዚያች በማትታይ ብረት ላይ ተንጠልጥሏል ማለት ነው።

«ታዲያ ማን ንገር አለው?» አለ መካኒኩ። «ዝም ብሎ ቢፈልግስ?»

«እሱን ራሱን ጠይቀው» አለች እህቱ።

አልጠየቀውም። ሄዶ መፍቻውን አመጣ፤ በጌታ ተአምር የት እንዳለ ያውቅ ነበር። ከፊት ካሉት በቀር የወንበሮቹን ብሎን ፈታ፣ አንድ በአንድ አወጣቸው። ከአሮጌ የድምፅ ማጉያ የነቀለውን ማግኔት በክር አንጠልጥሎ ወለሉን ከዳር እስከ ዳር አሰሰ። ማግኔቱ አንድ የፀጉር መያዣ አወጣ። አንድ የቦርሳ ዚፕ ጫፍ አወጣ። አንድ አሥር ቁጥር የብሎን ዳዶም አወጣ፤ መካኒኩ ዓይቶ አወቃት፤ ፍሪሲዮኗን ያወረደ ጊዜ ጠፍታበት «ትገኛለች» ያላት የራሱ ዳዶ ነበረች። አሳፈረችውና ኪሱ ከተታት። መንጠቆ ግን የለም።

ሾፌሩ ተነሳ፣ ጉልበቱን አራገፈ፣ ከመኪናዋ ደረጃ ላይ ተቀመጠ።

«መኪናዋ ውስጥ የለም» አለ።

ምናልባት አላለም፣ ይመስለኛል አላለም። መካኒኩን ያን ጊዜ አንድ ነገር ነካው። እሱ በራሱ ጋራዥ ውስጥ ዝሆን ቢጠፋ እንኳ የለም ብሎ አፉን ሞልቶ መናገር አይችልም። ይህ ሰው ግን ከመርፌ የማይበልጠውን ነገር፣ ባለ አሥራ ሁለት ወንበር መኪና ውስጥ፣ የለም ይላል፤ የለም ሲልም የለም ነው። ለዓመታት የቀለደበት ሥርዓት ምን ያህል ትልቅ ነገር እንደሆነ የገባው ገና ያኔ ነው።

«ጠረጴዛው ላይ የለም፣ ወለሉ ላይ የለም» አለ ሾፌሩ ለራሱ። ከዚያ ዞሮ አየው። ቁጣ የለበትም። «ትናንት ስትቆጥራቸው ስንት ነበሩ?»

ሃያ አራት ማለት ይችል ነበር። ሃያ አራት ቢል መንጠቆው የጠፋው እዚህ ነው ተብሎ ግቢው ሲታረስ ይዋላል፣ እሱም ንጹሕ ሆኖ አብሮ ያርሳል። ስንቅና ውሸት እያደር ይቀላል ይላሉ፤ የሱ ግን አድሮ ከብዶታል።

«አልቆጠርኩም» አለ። «ቆርቆሮውንም አልከፈትኩትም።»

እህቱ ፊቷን አዞረች። ሾፌሩ ራሱን ነቀነቀና፣ «ደግ። እንግዲያው የጎደለው ከሐይቁ ነው» አለ፤ የጎደለ ሒሳብ እንደተገኘለት ሰው እንጂ እንደተዋሸ ሰው አይደለም። «ክር ቆርጠህ ነበር?»

መካኒኩ አፉን ከፈተ። የዚያ ትልቅ ዓሣ የተከፈተ አፍ፣ ቢላዋው፣ ቤት ስደርስ አወጣዋለሁ ያለው፣ ሁሉም ባንድ ጊዜ መጣበት።

«እማዬ» አለ።

ሌላ ቃል አላስፈለገም። እህቱ ስልኳን አወጣች፤ ይጠራል፣ አይነሳም። እናታቸው ስልኳን በጨርቅ ጠቅልላ ትራሷ ሥር ነው የምታኖረው፤ እንዳይቆሽሽ። እሷ ከደጅ ቀርታ እየደጋገመች ስትደውል ሁለቱ ሚኒባሷ ውስጥ ገቡ፤ ሾፌሩ መሪው ላይ ተቀምጧል። ወደ ኋላ ሳያይ እጁን ከወንበሩ ጀርባ ሰደደና ረጅም አፍ ያለው ፒንሳ አወጣ፤ እጁን ከበሩ ኪስ ሰደደና የእጅ ባትሪ አወጣ፤ ሁለቱንም መካኒኩ ጭን ላይ አስቀመጣቸው። ሸራው ላይ ከወጣው ዕቃ ሁሉ ሁለቱ ብቻ ቀድመው ቦታቸው ተመልሰው ነበር፤ መቼ እንደመለሳቸው ማንም አላየም።

«ፍጠን ጋሼ።»

«ቀበቶህን እሰር።»

ቀይ መብራት ላይ ቆመ። መካኒኩ ሊጮህበት አፉን ከፍቶ አየው፤ ላብ ከጆሮው ሥር ወደ ሸሚዙ አንገት ይወርዳል፣ መሪውን የጨበጠው እጁ ነጥቷል። የረጋ የሚመስለው ሰውዬ የረጋው ስለማይፈራ አልነበረም። መካኒኩ አፉን ዘጋ። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ የሚለውን ተረት እናቱ ስንት ጊዜ ነግራው ነበር።

በሩ ክፍት ነበር። የሽንኩርትና የዓሣ ሽታ ከደጅ ተቀበላቸው። እናቱ ከጠረጴዛው ቁጭ ብላለች፤ ፊት ለፊቷ ያለው ሳህን ተጋምሷል፣ ማንኪያው ወደ አፏ እየሄደ ነው።

«እማዬ፣ እንዳትውጪ» አለና ማንኪያውን ከእጇ ወሰደባት።

«ምን ሆነሃል? ከአፌ ትነጥቀኛለህ?»

ሾፌሩ ከጎኗ ተንበረከከ። «እማማ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና አፍዎን ይክፈቱልኝ።» ባትሪውን አበራ። «ጉሮሮዎን የሚወጋዎ ነገር አለ?»

«እስካሁን የወጋኝ የእናንተ አገባብ ነው» አለች፤ ግን አፏን ከፈተችለት። ነገር እንዳለ ገብቷታል። ምንም የለም። ሾርባውን በወንፊት አጠለሉት፤ ምንም። አጥንቱን ሳህን ላይ አንድ በአንድ ዘረዘሩት፤ ምንም። መካኒኩ ግድግዳ ተደግፎ ቆመ። ውጣው ይሆን? ሆዷ ውስጥ ይሆን? ሆስፒታል፣ ቢላዋ፣ ያ ሁሉ የሚቆጠር ነገር ታየው።

ሾፌሩ ግን ገና መቁጠሩን አልጨረሰም። አጥንቱን በዓይኑ ገጣጠመ፤ ጭራው አለ፣ ጀርባው አለ።

«እማማ፣ ጭንቅላቱስ?»

አሮጊቷ ልጇ ወዳለበት ፊቷን መለሰች። ከመስኮቱ ላይ በክዳን የተሸፈነ ጎድጓዳ ሳህን ነበር። «ጭንቅላቱማ የሱ ነው» አለች። «ከትንሽነቱ ጀምሮ ጭንቅላቱን ካልመጠመጠ ዓሣ የበላ አይመስለውም። ብቅ እላለሁ ብሎኝ የለ?»

ሾፌሩ ሳህኑን አወረደ፣ ክዳኑን አነሳ። ፒንሳውን በተከፈተው አፍ አስገብቶ፣ ወደ ጉሮሮው ገፋ፣ በቀስታ አዞረ። ሲያወጣው መንጠቆው ከጫፉ ነበር፤ ስንዝር የማትሞላ የናይለን ክር ተከትላዋለች። ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው።

መካኒኩ የዓሣ ጭንቅላት እንዴት እንደሚበላ ራሱ ያውቃል። አያይም፣ አይፈትሽም፤ አፉ ውስጥ ከትቶ ይመጠምጣል። ያችን የሁለት ቃል ውሸት እናቱ ሳታውቅ ከድስቱ አውጥታ፣ ክዳን ደፍታ፣ ለሱው አስቀምጣለት ነበር። ዓይኑ እንባ ሞላ፤ አልደበቀውም።

«ጋሼ፣ ይቅር በለኝ» አለ።

ሾፌሩ ስልኩን አውጥቶ ወደ ርዕሰ መምህርቷ እየደወለ ነበር። «ተገኝቷል» አላት። የት እንደተገኘ፣ በማን እጅ እንደጎደለ፣ ሳይቀንስ ሳይጨምር ነገራት።

«መኪናው ውስጥ አልነበረም ማለት ነው?»

«አልነበረም።»

«በቃ፣ ከሰዓት ልጆቹን ለመመለስ አንተው ና» አለች።

ስልኩን ዘግቶ ወጣ፤ ቆርቆሮውን ይዞ ተመለሰ። ከመካኒኩ ፊት አስቀመጠውና «ቁጠር» አለው።

መካኒኩ እጁን ታጠበ። መንጠቆውንም አጠበው፣ አደረቀው፣ ክሩን ፈታለት። ክዳኑን ከፈተ። በአራተኛው ረድፍ መጨረሻ ባዶ የነበረችውን ክብ አግኝቶ ሰካው። ከዚያ ከመጀመሪያው ረድፍ ጀመረ፤ እያንዳንዱን በሌባ ጣቱ እየነካ፣ ድምፁን አውጥቶ። አሥራ ሰባት ላይ እናቱ «ሾርባው ይሙቅልህ?» አለችው፤ ቁጥሩ ጠፋበት። ካንድ ጀመረ። ማንም አልተቻኮለበትም።

«ሃያ አራት» አለ።

«ሙሉ ነው?»

«ሙሉ ነው።»

እናቱ ጎድጓዳውን ሳህን በጠረጴዛው ላይ ገፋ አደረገችለት። «በል ብላ፤ ቀዝቅዞብሃል።»

እሱ ግን መጀመሪያ ክዳኑን ገጠመ፣ ቁልፉን አዞረ፣ ቆርቆሮውን በሁለት እጁ ይዞ ወደ መኪናዋ ወጣና ከሾፌሩ ወንበር ሥር፣ ቦታው ላይ አስቀመጠው። ከዚያ ተመልሶ ጭንቅላቱን በላ።